ታየ የሚባል ሠራተኛ አልነበረም

የስልክ ጣቢያውን ቁልፍ ያስረከብሁት በጥቅምት ነው። ቁልፉን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አስሬ ነበር የኖርሁት። ክሩን ስፈታ ለመረከብ የመጣው መሐንዲስ «እማማ፣ ማተብዎን እንዳይበጥሱት» ብሎ ሳቀ። ጣቢያው ከእንግዲህ ሰው አያሻውም። ካሜራ ተክለውበታል፤ የባትሪውን ሙቀትና የጄኔሬተሩን ነዳጅ ከሩቅ ሆኖ የሚነግራቸው ሣጥን ገብቶለታል። እኔም ዕድሜዬ ደርሶ ነበር።

የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። «ለረጅም ዘመን ያለ እንከን ላገለገሉ» ይላል። ልጄ የሻረግ ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ምስማር ስትፈልግ ቀማኋትና ከሣጥኔ ውስጥ ከነጠላዬ ሥር ከተትሁት። «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። «ያለ እንከን» የሚለውን ባየሁ ቁጥር ፊቴን እሳት እንደሚለበልበኝ ያን ጊዜ አልነገርኋትም። ይህን ስጽፍ ግን አጠገቤ ተቀምጣለች። የተማርሁት እስከ አምስተኛ ክፍል ስለሆነ ፊደሉን እሷ ታርምልኛለች፤ ነገሩን ግን እንድትነካብኝ አልፈቀድሁላትም።

ሥራ የጀመርሁት ደብረ ታቦር፣ ከመሥሪያ ቤቱ ጽሕፈት ቤት፣ በጽዳት ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ ሥራዬን የሚፈትነው በክብሪት እንጨት ነበር። ማታ ሲወጣ ከጠረጴዛው ሥር አንድ እንጨት ጥሎ ይሄዳል፤ ጧት ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ያያል። እኔም እያነሳሁ ከመዝገቡ ላይ አስቀምጥለት ነበር። አንድም ቀን ስለ ክብሪቱ ተነጋግረን አናውቅም። ሲዛወር ግን አንድ ሙሉ ክብሪት ሰጠኝና «ሁሉም ያንቺ ነው» አለኝ። መጠንቀቅን የለመድሁት ከሱ ነው። እሱን የተካችው ሴት አለቃ አንድ ቀን የመብራት ቆጣሪ ስመለከት አገኘችኝ። «ቁጥር ትጽፊያለሽ?» «እጽፋለሁ።» «ሳትፈሪስ ብቻሽን ትውያለሽ?» «እውላለሁ።» በዚያው ወር ገሳይ ካለው ጣቢያ ተመደብሁ። ደመወዙ ብዙም አልተለወጠም፤ ግን ከጣቢያው ሥር የቆርቆሮ ቤት ነበረው።

ጣቢያው ከከተማዋ በላይ ካለ ጉብታ ላይ የቆመ ማማ ነው። ከደብረ ታቦር የሚመጣውን ትልቁን መስመር ይቀበልና አንዱን ቅርንጫፍ በትንሽ ሳህን ወደ ጉና ግርጌ ይልካል። እዚያ ሌላ አጭር ማማ አለ፤ የጤና ጣቢያውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የገበሬው ስልክም ከዚያ ይቀዳሉ። በመካከል ገመድ የለም። ሁለቱ ሳህኖች እየተያዩ ነው የሚነጋገሩት።

የእኔ ሥራ ጠባቂም፣ ጽዳትም፣ መዝጋቢም መሆን ነበር። የባትሪ ክፍሉን በር ከፍቼ መጀመሪያ አሸታለሁ፤ የገማ ዕንቁላል ከሸተተኝ ባትሪው ከልክ በላይ እየሞላ ነው። የጄኔሬተሩን ድምፅ እሰማለሁ፤ ማሳል ከጀመረ ነዳጁ ውሃ ገብቶበታል፤ ከሥሩ አንድ ብርጭቆ አፈስስለታለሁ። መብራቶቹን እቆጥራለሁ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ከዚያ ሰዓቱን እጽፋለሁ። ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው።

ጋሽ ደምሴ የዙሪያው ጣቢያዎች ቴክኒሽያን ነበሩ። አጭር፣ ዝምተኛ ሰው። ማማ ላይ ከመውጣታቸው በፊት እጃቸውን በአፈር ያሻሉ። ራሳቸው ትናንት ያጠበቁትን ብሎን ዛሬ ደግመው ይነኩታል። ሲወርዱ ውሃ ይጠጣሉ፤ ከዚያ ምሳ ሳይቀምሱ መዝገቡን ይጽፋሉ። ብዙ ጊዜ «ኧረ መጀመሪያ እህል ይቅመሱ» ብዬ ለምኛቸዋለሁ።

«አይሆንም፤ የጠገበ ሰው ያስውባል። የራበው ያየውን ጽፎ ይገላገላል» ይሉኝ ነበር።

በየዓመቱ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ አንድ ሥራ ነበራቸው። ከሱፍ ካልሲ ውስጥ የሚያኖሩት የእጅ መስታወት አላቸው። እሱን ይዘው በበቅሎ ወደ ጉና ግርጌ ይሄዳሉ። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ወደ ደብረ ታቦር ስታዘነብል፣ ከወዲያኛው ማማ ላይ ሆነው መስታወቱን ወደ እኔ ያበራሉ። እኔ እዚህ ከማማው ወገብ፣ ከሳህኑ አጠገብ ቆሜ ብልጭታውን እጠብቃለሁ። ብልጭታው ከታየኝ ሳህኖቹም ይተያያሉ ማለት ነው። ካልታየኝ በመሃል አንድ ነገር በቅሏል ወይም ተሠርቷል። ከዚያ መዝገቡ ላይ ቀኑን እጽፍና «ማረጋገጫ» ከሚለው ሥር አንድ ቃል አኖራለሁ፦ ታየ።

አንድ ቀን ጥጥ ስፈትል ደርሰው እንዝርቴን ከእጄ ወሰዱት።

«መስመሩ ክር ይመስልሻል አይደል?»

«አዎ።»

«አይደለም። ይኼን ይመስላል።» ፈትሉ የተጠቀለለበትን አሳዩኝ። «ዳርና ዳሩ ቀጭን ነው፤ መሃሉ ሆድ አለው። ብልጭታው ቢታይሽም የሆዱን ሥር የሚነካ ዛፍ ካለ መስመሩ ይታመማል። በተለይ ቅጠሉ ዝናብ ሲጠጣ። ስለዚህ መሃል ላይ ያለውን አፋፍ ከሁሉ አስበልጠሽ ጠብቂ።»

መሃል ላይ ያለው ቀጨም አፋፍ ነው። ከላዩ የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አለች።

ስለ አየሩም ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። «አየር ፈቃድ ይወጣበታል ሲሉ ሰማሁ፤ አየር ይታጠራል እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ይታጠራል እንጂ! አንዳንዱ ሞገድ የግል ማሳ ነው፤ ፈቃድ ያለው ብቻ ያርሰዋል። ከደብረ ታቦር የሚመጣው መስመራችን እንደዚያ ነው። አንዳንዱ ደግሞ የወል ግጦሽ ነው። ሁሉም ያሰማራል፤ ግን ተመዝግቦ፣ ከብቱንም መጥኖ፣ የጎረቤቱን ሣር ሳይጨርስ። የጉናዋ ቅርንጫፋችን በወሉ ላይ ነው ያለችው። በወል ላይ ጠብ ሲነሣ ምስክር ይፈለጋል፤ ያን ቀን የሚመሰክርልሽ መዝገብሽ ነው።»

ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ነበር እንዳልል ነው መጀመሪያ የጻፍሁት።

ልጄን ያገኘኋት ዘግይቼ ነው። አባቷ ባረፈ በዓመቱ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላት፣ ሳምባዋን ታመመች። ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት አስተኝተዋት ደረቷ እንደ ወናፍ ሲወጣና ሲወርድ አይቼ ለኪዳነ ምሕረት ተሳልሁ፦ «ልጄን ብትምሪልኝ ከቅፅርሽ አሥር ዛፍ አቆምልሻለሁ፤ እሷ በሕይወት እስካለች ምሳር አይነካቸውም።» ዳነችልኝ። እኔም አሥር የባሕር ዛፍ ችግኝ ተሸክሜ ቀጨም አፋፍ ወጣሁ። የደብሩ አለቃ በቅፅሩ ዳር ቦታ አሳዩኝ። ስተክል ቀና ብዬ ወደ ገሳይ ብመለከት ማማዬ ወለል ብሎ ታየኝ። ከሥራዬ ሆኜ ዛፎቼን አያቸዋለሁ ብዬ ደስ አለኝ። ከሥራዬ ፊት ለፊት የሚታየኝ ሁሉ ከመስመሩ ላይ እንዳለ አልገባኝም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ጋሽ ደምሴ ጡረታ ወጡ። በቦታቸው የመጡት ልጆች መኪናቸውን አቁመው፣ ኮምፒውተር ሰክተው፣ ምሳ ሳይደርስ ይመለሳሉ። ስለ መስታወቱ ስነግራቸው «እሱን እርስዎ ይቀጥሉበት» አሉኝ። እኔም ከወዲያኛው ማማ ዘበኛ ከካሴ ጋር ቀጠልሁበት። ካሴ በመስታወት ያበራል፤ እኔ አያለሁ፤ በስልክ እንነጋገራለን። የጋሽ ደምሴን የእጅ ጽሕፈት እያየሁ ስለተማርሁ የእኔ «ታየ» ከሳቸው «ታየ» አይለይም።

ዛፎቹ አደጉ። አንድ ዓመት ብልጭታው ከጫፋቸው ትንሽ ከፍ ብሎ ታየኝ። በሚቀጥለው ዓመት በቅጠል መሃል እየተቆራረጠ ታየኝ። ያን ጊዜ የእንዝርቱ ሆድ ትዝ ብሎኝ ነበር። ቢሆንም ታይቷልና «ታየ» ብዬ ጻፍሁ፤ ያ ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በሦስተኛው ዓመት እንዲህ ሆነ።

«ካሴ፣ ጀምር» አልሁ በስልክ።

«ጀመርሁ እኮ! አይታይሽም?»

«ትንሽ ወደ ግራ አርገው።»

«የማን ግራ? የእኔ ነው ያንቺ?»

«ያንተ።»

«ይኸው ግራ። ይኸው ቀኝ። ኧረ ሴትዮ፣ ለሚስቴ እንኳ እንዲህ መስታወት ይዤ ቆሜ አላውቅም!»

የሚታየኝ አሥሩ ባሕር ዛፍ ሲወዛወዝ ብቻ ነው። ዓይኔን ጠረግሁ፤ ቦታ ቀየርሁ፤ አንድ እርከን ወጣሁ። ካሴ «ክንዴ ዛለ፤ ፀሐይዋም ልትጠልቅ ነው» ይላል። አልታየም ብዬ ብጽፍ ምን በቅሏል ብለው ይጠይቃሉ። ዛፍ እላቸዋለሁ። የማን ዛፍ? ይቆረጥ ይላሉ። ምሳር አይነካቸውም ብዬ ተስያለሁ። የሻረግ ያን ጊዜ ከትምህርት ቤት ስትመጣ፣ ጉንፋን ይዟት ስታስል እሰማለሁ።

«ታየ!» አልሁ። «ታየ ካሴ፣ በቃ አውርደው።»

«ተመስገን! በይ ጻፊው።»

ከማማው ወርጄ መጀመሪያ እራቴን በላሁ። ከዚያ ጻፍሁት።

በተከታዩ ክረምት የጉና መስመር ታመመ። ዝናብ ሲጥል ይጠፋል፤ ነፋስ ሲነፍስ ይቆራረጣል። ከጤና ጣቢያው እየደወሉ «የመድኃኒት ጥያቄያችን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ» ይሉኛል። የኔ ድምፅ ራሱ ተቆራርጦ ይደርሳቸው ነበር። እኔም «አመልክተናል» እላለሁ። አመልክቼ ነበር፤ መስመሩ መታመሙን። ለምን እንደታመመ ግን አላመለከትሁም።

በዚያ ሰሞን ገሳይ ላይ ሌላ ሳህን ነበር። የኑሩ ነው። ኑሩ በአንድ በኩል የሞባይል ዕቃ፣ በሌላ በኩል በርበሬና ቅመም የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ሱቁ ገብተህ የስልክ ገመድ ብትገዛ እርድ እርድ ይሸታል። ደብረ ታቦር ካለ ዘመዱ ቤት ጣራ ላይ አንድ፣ ከራሱ ሱቅ ጣራ ላይ አንድ ሳህን ሰቅሎ ኢንተርኔት አምጥቶ ነበር። ለመመዝገብ ማመልከቻ አስገብቷል፤ ወረቀቱ ግን አልተመለሰለትም። በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ለአንድ ሰዓት ለትምህርት ቤቱ በነፃ ይለቅላቸዋል። የሻረግ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ልምምዷን የምታወርደው ከዚያ ነበር።

በነሐሴ የሞገድ ባለሙያዎች ከላይ መጡ። እንደ ዓሣ አጥንት ያለ ብረት ይዘው ገሳይን ዞሩ። ከዚያ ወደ ጣቢያው ወጡ። ጉሙ ከበር አልፎ አያሳይም፤ ቀጨም አፋፍ የት እንዳለ እንኳ አይታወቅም። በጥቅምት ቁልፍ የተረከበኝ መሐንዲስ ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበር። መዝገቡን ገለጠ።

«መስመሩ በየዓመቱ ይረጋገጣል?»

«ይረጋገጣል።»

ጣቱን «ማረጋገጫ» ከሚለው ሥር ወደ ታች አወረደ። «ታየ፣ ታየ፣ ታየ…» ብሎ አነበበ። «ሁሌም አንድ ሰው ነው? ጎበዝ ነው ይሄ ታየ። ቴክኒሽያን ነው?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። የሰው ስም መስሎታል። «ጌታዬ፣ እሱ ስም አይደለም» ማለት ነበረብኝ። ያን ብል «ታዲያ ያየው ማነው?» ይለኛል። ከዚያ ምን እንዳየሁ ይጠይቀኛል።

«አዎ» አልሁ።

ያልሁት ይህችን ብቻ ነው። እሱም ጻፈ። በኋላ ግልባጩን አይቼዋለሁ፦ «መስመሩ ከእንቅፋት ነፃ መሆኑ በአቶ ታየ በየዓመቱ ተረጋግጧል። ስለዚህ መንሥኤው በአካባቢው ያልተመዘገበ መሣሪያ የሚፈጥረው የሞገድ ረብሻ ነው።»

በማግሥቱ የኑሩን ሳህን አወረዱ። ሰው ተሰብስቦ ያያል። ኑሩ መሰላሉን ራሱ ያዘላቸው።

«ወረቀቴ እኮ ከናንተው ጠረጴዛ ላይ ነው» አለ።

«ወረቀቱ ሲመለስልህ ሳህኑም ይመለሳል።»

«እንግዲህ ሁለቱም ተያይዘው ይምጡ» አለና ሳቀ። የሳቀ ሌላ ሰው አልነበረም። የትምህርት ቤቱ ሰዓትም በዚያው ቀረ። የጉና መስመር ግን እንዳመመው ነው።

በሣልስቱ ኑሩ ወደ ጣቢያው አቀበቱን ወጥቶ መጣ። ከአጥሩ ውጭ ቆመ፤ እንዲገባ ብለምነውም አልገባም።

«እቴ ሙሉ፣ ይኼ ታየ የሚባለው ሰውዬ ክፉ ነው?»

«ኧረ አይደለም።»

«እንግዲያ አገናኚኝ። ሁለት ሽማግሌ ይዤ እሄዳለሁ፤ አንድ ከኛ፣ አንድ ከናንተ። እለምነዋለሁ። መስመሩን አንድ ጊዜ ደግሞ ቢያይልኝ እኮ እኔ እንዳልሆንሁ ያውቃል።»

«ተዛውሯል» አልሁት።

«ወዴት?»

«ወደ… ነፋስ መውጫ።»

ቢያንስ ሩቅ አገር መጥራት ነበረብኝ። በማግሥቱ ሱቁን ዘግቶ በሚኒባስ ነፋስ መውጫ ሄደ። በሁለተኛው ቀን መጣ፤ ለየሻረግ እስክሪብቶ ይዞላት ነበር።

«ሦስት ታየ አገኘሁ» አለኝ። «አንዱ ዲያቆን ነው። አንዱ ልብስ ሰፊ ነው፤ ኮቴን ሳልለምነው ጠቀመልኝ። ሦስተኛው "የምትፈልገው እኔን ነው" አለኝ። ምሳ ጋበዝሁት፤ ከምሳው በኋላ ስለ ማማው ስጠይቀው "የምን ማማ?" አይለኝም! ዋና ሥራው ታየ መሆን ነው።»

እሱ እየሳቀ ያወራል። እኔ እስክሪብቶዎቹን ይዤ ቆሜአለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። የሌለ ሰው ፈጥሬ፣ ያለውን ሰው በሱ አስመስክሬበት፣ ከዚያ ደግሞ ፍለጋ ልኬዋለሁ። ያን ጊዜ እንኳ አልነገርሁትም። «ትደክማለህ፤ ግባና አረፍ በል» ነው ያልሁት።

በማግሥቱ መዝገቡን በነጠላዬ ጠቅልዬ ደብረ ታቦር፣ ጋሽ ደምሴ ቤት ሄድሁ። ከባጃጅ ወርጄ በራቸው ላይ ብዙ ቆምሁ። ስገባ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። በድምፄ አወቁኝ።

«ሙሉ ነሽ? መዝገብ ይዘሽ ነው የመጣሽው? ሽታውን አውቀዋለሁ፤ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። በይ አንብቢልኝ።»

አነበብሁላቸው። ባትሪውን፣ ነዳጁን፣ የመብራቱን ቀለም። እየሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ወደዚያ መስመር ደረስሁ።

«ማረጋገጫ፤ ታየ» አልሁ።

«ታየሽ?» አሉኝ።

«አልታየኝም ጋሽ ደምሴ።»

«ምን በቅሎ ነው?»

ሁሉንም ነገርኋቸው። ስለቱን፣ ዛፎቹን፣ መሐንዲሱን፣ ኑሩንና የነፋስ መውጫውን መንገድ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«"ታየ" እና "አልታየም" መሃል ስንት ፊደል አለ?» አሉ።

በጣቴ ቆጠርሁ። «ሦስት።»

«ቀለም ጨርሰሽ ነው?»

መዝገቡን አጠፍሁት።

«ያ ነጋዴ ከወሉ ላይ የተባረረው በማን ምስክርነት ነው?»

«በታየ።»

«ታየ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ ሂጂና ታየን አስታርቂው» አሉኝ። ስወጣ ልጃቸውን ጠርተው የሱፍ ካልሲውን ከነመስታወቱ አሰጡኝ። «ለእኔ ከእንግዲህ አያበራም» አሉ።

በቀጥታ ቀጨም አፋፍ ወጣሁ። የደብሩ አለቃ ከዛፎቼ ሥር ቆመው ሰሙኝ። ስጨርስ ቀና ብለው አንድ በአንድ ተመለከቷቸው።

«እኛ ቅፅሩን ለማደስ እንጨት አጥተን ከገበያ ስንሸከም፣ እነዚህን ያልነካናቸው አንቺን ፈርተን እኮ ነው» አሉኝ። «ምሳር አይነካቸውም ያልሽው አንቺ ነሽ፤ እመቤታችን ምሳር ፈራሁ አላለችሽም።»

«ልጄስ አባታችን?»

«ልጅሽ እስከ ዛሬ በባሕር ዛፍ ነው የቆመች? እስኪ በይ አማትቢ። በታች በኩል ጽድ ትተክያለሽ፤ እሱ መስመራችሁ ላይ ለመድረስ የልጅ ልጆችሽን ይጠብቃል።»

ቅዳሜ ዕለት ቆረጧቸው። ምሳሩ የመጀመሪያውን ሲመታ የየሻረግን እጅ ያዝሁ። እጄን አስለቅቃ ቅርንጫፍ መጎተት ጀመረች። ያን ሳምንት ሙሉ ከእንቅልፏ በተነሣች ቁጥር ግንባሯን ዳሰስሁ፤ እንዳልፈራሁ አልናገርም። አንድ ቀን «እማዬ፣ ዱባ እየመረጥሽ ነው?» ብላ አሳቀችኝ።

መስከረም ሲጠራ ካሴ መስታወቱን አነሣ። ብልጭታው እንደ መርፌ ዓይኔን ወጋኝ። ወርጄ፣ ውሃ ጠጥቼ፣ እህል ሳልቀምስ «ታየ፤ ያየሁት እኔ ሙሉ ነኝ» ብዬ ጻፍሁ። መስመሩም ዳነ።

ኑሩ ሱቅ የሄድሁት በዚያው ሳምንት ነው። ቆሜ ነገርሁት፤ ወንበር ቢሰጠኝም አልተቀመጥሁም። ሚዛኑ ላይ ያለውን በርበሬ አስተካከለ።

«ስለዚህ ታየ የለም» አለ።

«የለም።»

«እኔ እኮ ዱዓ አድርጌለታለሁ። አላህ ልቡን ያራራልኝ ብዬ።» ከዚያ ለራሱ ያህል «ይኸው አራራው» አለ። ይቅር ብያለሁ አላለኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ለመሐንዲሱም ደውዬ ነገርሁት። ሰማኝና «እማማ፣ ሪፖርቱ ገብቷል፤ ይህን ብጽፍ እኔም አንብቤ ያልገባኝ ነው የምባለው። መስመሩ ከተስተካከለ በቃ፤ ሳህኑን አስመልስለታለሁ» አለኝ። ሳህኑን መለሰለት። ሪፖርቱ ግን እንዳለ ቀረ። የኑሩ ማመልከቻ በመጣ በሄደ ቁጥር ፋይሉ ላይ «ከዚህ በፊት የሞገድ ረብሻ የፈጠረ» የሚል ይወጣበታል፤ ይዘገያል፤ ይመለሳል። እኔም «መሐንዲሱ በቃ ብሏል» ብዬ ዝም አልሁ። ልጅ አስተምራለሁ፤ ሥራዬን እፈራለሁ። የመጀመሪያውን ውሸት የጻፍሁት ለስለት ነው ልበል። ይህን ሁለተኛውን ዝምታ በምን አመካኘዋለሁ?

ቁልፉን ባስረከብሁ ዕለት ግን መዝገቡን ከማስረከቤ በፊት ወደዚያ ገጽ ተመለስሁ። መዝገብ ላይ መሰረዝ ክልክል ነው፤ አልሰረዝሁም። ከ«ታየ» ፊት «አል»፣ ከኋላው «ም» ጨመርሁበትና ስሜን ሙሉ አድርጌ ፈረምሁበት። ከሱ ጋር በእጄ የጻፍሁትን አንድ ገጽ ምስክርነት ለመሐንዲሱ ሰጠሁት።

«አሁን ምን ያደርጋል እማማ?» አለኝ።

«ከኑሩ ፋይል ውስጥ ይግባ» አልሁት። «ታየን ከዚያ አውጡልኝ።»

ተቀበለኝ። አስገብቶት እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፤ በየሰኞው ደብረ ታቦር እየሄድሁ እጠይቃለሁ። ኑሩን ከዚህ በኋላ ሳህኑን ትሰቅለዋለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው «ሥራ ይዟል» አለኝ። ከሱቁ ደጃፍ ላይ አንጋሎ በርበሬ ያሰጣበታል።

እስካሁን በዚያ ሳልፍ፣ ገበያተኛ ቢኖርም ባይኖርም፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራኛል።

«እቴ ሙሉ! ታየ ደህና ነው?»

ድሮ አንገቴን ደፍቼ አልፍ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን ቆምሁ።

«ደህና ነው» አልሁት። «ጡረታ ወጣ።»

«ነፋስ መውጫ ነው ያለው?»

«የለም» አልሁት። «ገሳይ ነው። ሰኞ አንተን ይዞ ደብረ ታቦር ሊሄድ ይፈልጋል።»

ኑሩ በርበሬውን በእጁ አገላበጠ።

«ሽማግሌ አያስፈልግማ?» አለ።

«አያስፈልግም።»

«እንግዲያ ማልደሽ ነይ» አለኝ።